ርዕሰ መምህሩን ማን ይደግፈው? ለጉድኝት ሱፐርቫይዘሮችና ለወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) አባላት የሚሆን አሠራር

ርዕሰ መምህራንን እንደግፍ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ስልጠና ነው። ሰውየው ከሁለት ቀን ስልጠና ተመልሶ ቢሮው ሲገባ ያው የሪፖርት ክምር ከጠበቀው ግን ሞጁሉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ስለዚህ ሰዓቱ ምን ላይ እንደሚያልፍ ከማየት ጀምሩ።

በጉድኝቱ፣ ማለትም በአንድ ማዕከል ትምህርት ቤት ዙሪያ በተሰባሰቡት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች፣ ያሉ ርዕሰ መምህራን ለአምስት የሥራ ቀን አንድ ደብተር ይያዙ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ከስንት እስከ ስንት፣ ምን ተሠራ፣ ማን ጠየቀ፣ ሌላ ማን ሊሠራው ይችል ነበር። አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «ማክሰኞ 3፡20–4፡05፤ የተማሪ ቁጥር በጾታና በክፍል (ባለፈው ሐሙስ የተላከ ነው)፤ ከወረዳ በስልክ፤ ምክትሉ»። አርባ አምስት ደቂቃ ማለት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ገብቶ ማየት ነበር። የአምስት ትምህርት ቤት ደብተር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ተደጋግሞ የሚጠየቀው መረጃ ራሱን ያወጣል። ያንን በአንድ ገጽ አዘጋጁትና ወር በገባ በ5ኛው ቀን ምክትሉ ይሙላው፤ ሱፐርቫይዘሩ ሰብስቦ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያስገባ። ከዚያ በኋላ ለሚደወል ስልክ መልሱ «ገጹ እጃችሁ ላይ ነው» ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ቅር የሚለው ባለሙያ አይጠፋም፤ ጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ በደብዳቤ ካልተስማማበት ደግሞ አሠራሩ ሁለት ወር አይቆይም።

ወርኃዊው ስብሰባ

በወር አንድ ጊዜ፣ ሦስት ሰዓት፣ በማዕከሉ ትምህርት ቤት። በየተራ እየተዘዋወርን እንሰብሰብ የሚለው ሐሳብ ለአፍ ያምራል፤ በመንዝ ወይም በሚዳ ቆላ ግን መኪና በብዛት የሚገኘው በገበያ ቀን ስለሆነ ግማሹ ሰው ይቀራል። ገበያው ቅዳሜ ከዋለ ቀኑ ተገኘ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ማንንም አትጥሩ፤ በስልክ ይካሄድ ወይም ይተላለፍ።

ከ3፡00 እስከ 3፡20 ቡና፣ ያለ አጀንዳ። ይህን ለመቁረጥ አትቸኩሉ፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው እዚያ ነው። ቀጥሎ አንድ ሰዓት ለአንድ ሰው ችግር ብቻ ይሰጣል። ባለጉዳዩ 10 ደቂቃ ይናገራል። ሌሎቹ ለ15 ደቂቃ ይጠይቃሉ እንጂ አይመክሩም፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፣ ርዕሰ መምህር መምከር ልማዱ ነውና። 25 ደቂቃ ለሐሳብ፣ መጨረሻ 10 ደቂቃ ባለጉዳዩ ምን እንደሚሞክርና እስከ መቼ እንደሆነ ይናገራል።

ይህ ክፍል የሚበላሸው ግምገማ ሲሆን ነው። የሥራ አፈጻጸም ውጤት የሚሞላ ሰው ፊት «ሁለት መምህራን ተጣልተውብኝ ማስታረቅ አቃተኝ» ብሎ የሚናገር የለም። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ በዚህ ሰዓት ከክፍሉ ይውጣ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ውሳኔ እንጂ ስምና ችግር አይጻፍ። አንድ ጊዜ ሾልኮ ከወጣ በሚቀጥለው ወር ሁሉም «ምንም ችግር የለም» ይላል።

ሁለተኛው ሰዓት ለሙያው ነው። እያንዳንዱ በወሩ የሞላውን አንድ የክፍል ምልከታ ቅጽ ይዞ ይምጣ። «አቀራረቡ ጥሩ ነው፣ ይበርታ» የሚለውን ከዚህኛው ጋር አስተያዩ፦ «ከ40 ደቂቃው 28ቱን መምህሩ ተናግሯል፤ የተጠየቁት ስድስቱም ተማሪዎች የፊት ዴስክ ላይ የተቀመጡ ናቸው»። ሁለተኛው መምህሩን ነገ ምን እንደሚቀይር ይነግረዋል። የቀረው 40 ደቂቃ ከታች ለሚነሳው የጋራ ደብዳቤና ለቀጣዩ ቀጠሮ ይሁን።

የተከታታይ ሙያ ማሻሻያው 60 ሰዓትም በዚሁ ይሸፈናል፦ በ10 ወር 30 ሰዓት ስብሰባ፣ በወር 2 ሰዓት አንዱ የሌላውን ትምህርት ቤት ሲጎበኝ 20 ሰዓት፣ 10 ሰዓት ደግሞ የሞከሩትን መጻፍ። ፖርትፎሊዮው የሚሞላው በዚያው ቀን ነው፤ ሰኔ ላይ ከትውስታ የተጻፈ ፖርትፎሊዮ ማንንም አያስተምርም።

አዲስ የተመደበ ሲኖር

በመጀመሪያው ሳምንት ከማንኛውም ምክር በፊት ርክክብ። ንብረቱ በሞዴል 19 ከገባውና በሞዴል 22 ከወጣው ጋር እየተመሳከረ በአካል ይቆጠር፤ መማሪያ መጻሕፍት በክፍልና በትምህርት ዓይነት፣ ዴስክ፣ ኮምፒውተር፣ ቁልፍ፣ ማህተም። ጎደሎው በርክክብ ሰነዱ ላይ ይጻፍና ሦስት ሰዎች ይፈርሙበት። የባንክ ፈራሚም በዚያው ሳምንት ይቀየር። «በኋላ ይደርሳል» የተባለ ርክክብ ከዓመት በኋላ ኦዲት ሲመጣ ሰውየውን ባልተረከበው መጽሐፍ ተጠያቂ ያደርገዋል። ከጎረቤት ትምህርት ቤት አንድ ነባር ርዕሰ መምህር ለሦስት ወር በሳምንት አንዴ ይደውልለት፣ ርክክቡ ላይም አብሮት ይቁም።

በርዕሰ መምህራኑ ፈንታ መጠየቅ

ብቻውን ደጋግሞ የሚጠይቅ ርዕሰ መምህር ቶሎ «አስቸጋሪ» ይባላል። ስለዚህ ጥያቄው በጉድኝቱ ስም ይውጣ፤ የወመህ ሰብሳቢዎችና የቀበሌው ትምህርትና ስልጠና ቦርድ ይፈርሙበት። አንድ ገጽ፣ አንድ ጥያቄ። «የመጸዳጃ ቤት ችግር አለብን» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ መልሱ «በሂደት እናየዋለን» ነው። እንዲህ ይጻፍ፦ ስንት ሴት ተማሪዎች አሉ፣ የሚሠራው መቀመጫ ስንት ነው፣ በሦስት ፕሮፎርማ ዝቅተኛው ዋጋ ስንት ወጣ፣ ኅብረተሰቡ ድንጋይ፣ አሸዋና የጉልበት ሥራ በብር ስንት ይሸፍናል፣ ከወረዳው የሚፈለገው ቀሪ ስንት ነው፣ እስከ መቼ። ሪከርድ ክፍል ገብቶ የመዝገብ ቁጥር ይውጣለት፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልደረሰም ማለት ነው። በ10 የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ ሁለት ሰው በአካል ይሂድ፣ ከሁለቱ አንዱ ወላጅ ይሁን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ከመጋቢት ሳያልፍ ይግባ። ሰኔ ላይ የገባ ለከርሞ ነው።

ለሰውየው ራሱ

በዚህ በኩል ትንሽ ነገር ብዙ ይሠራል። ከምሽቱ 1፡00 በኋላ የሥራ ስልክ አይደወል፤ የተማሪ ሕይወት ወይም የጸጥታ ጉዳይ ካልሆነ በቀር። በክረምት መምህሩ ሲያርፍ ርዕሰ መምህሩ ምዝገባና እድሳት ላይ ስለሚቆይ፣ የዓመት ፈቃዱ ቀን ግንቦት ላይ በጽሑፍ ተይዞ ምክትሉ በደብዳቤ ይወከል። ያለ ውክልና የወጣ ሰው ማህተሙን ኪሱ ይዞ ነው የሚያርፈው፣ ያውም ካረፈ።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ የደረሰውን ግጭትና ውድመት አይተው ትምህርት ቤት መልሰው የከፈሉ አሉ። እነሱን ስብሰባ ላይ ያዩትን እንዲተርኩ አትጠይቁ፤ መናገር የፈለገ በቡናው ሰዓት ይናገራል። እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሹ መቆጣት ወይም ከሰው መሸሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን የሚቀርበው አንድ ባልደረባ ጤና ጣቢያ አብሮት ይሂድ። «በርታ» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

ጥር ላይ፣ ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በኋላ፣ ያን የአምስት ቀን ደብተር እንደገና አስይዙ። ክፍል ገብቶ የታየበት ሰዓት ካልጨመረ ስብሰባውን ሳይሆን «ማን ጠየቀ» የሚለውን ዓምድ መጀመሪያ ተመልከቱ።