ለማራቶን እየተዘጋጁ አጭር ውድድር መሮጥ፦ ችግርና መፍትሄ

ሀዋሳ ላይ ለማራቶን የሚዘጋጁ ሯጮችን ሳሠለጥን ብልሽቱ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በዝግጅቱ መሃል 10 ኪሎሜትር ወይም ግማሽ ማራቶን በተሮጠበት ሰሞን ነው። አትሮጡ አልልም። ታምራት ቶላ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘ ሯጭ ነው፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ማራቶኑን በ2፡06፡26 አሸነፈ። ትዕግስት አሰፋም ሪዮ ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር፤ በ2023 በርሊን ማራቶንን በ2፡11፡53 ጨረሰች። ፍጥነት ማራቶንን አይጎዳም። የሚጎዳው አጭሩን ውድድር ያለቦታው ማስገባት ነው።

ምልክት፦ ከውድድሩ በኋላ እግር ይከብዳል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ የጠዋት የልብ ምት ከወትሮው ይጨምራል

ሁሌ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ሯጩ እሁድ 10 ኪሎሜትር ባለ በሌለ ኃይሉ ይሮጣል፣ ሰዓቱን ያሻሽላል፣ ደስ ብሎት ይገባል። ሰኞ ላይ ግን «የእሁዱ ረጅም ሩጫ አመለጠኝ» የሚል ጭንቀት ይይዘዋል። ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ወደ ጥቁር ውሃ በሚወስደው አስፋልት ረጅሙን ይወጣል። ሐሙስ የታቦርን ተራራ ሽቅብ ይደጋግማል። በሳምንቱ ስልክ ይደወላል፦ «ኮች፣ እግሬ እንጨት ሆነብኝ።»

መንስኤው ግልጽ ነው፤ ውድድሩ በልምምዱ ላይ ተደረበ። በሙሉ አቅም የተሮጠ ውድድር ከሳምንቱ ልምምዶች ሁሉ የከበደ ነው፤ የጡንቻው ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚብሰው በማግስቱ ሳይሆን በሁለተኛው ቀን ነው። ሰኞ «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ማክሰኞ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይይዛል። በዚያ እግር ላይ ረጅም ሩጫ መጫን ያልደረቀ ሲሚንቶ ላይ መኪና እንደ መንዳት ነው።

አንዱ የባንክ ሠራተኛ ግማሽ ማራቶን በሮጠ በሁለተኛው ቀን 1,000 ሜትር በፍጥነት ሲደጋግም አገኘሁት። ቅልጥሙን ስጫን ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ በአንድ ጣት ጫፍ የሚሸፈን ቦታ ላይ ዘለለ። ጡንቻ ሲታመም ሕመሙ ይሰፋል። አጥንት ላይ አንድ ነጥብ ብቻ የሚወጋ፣ ሌሊትም የሚጠዘጥዝ ከሆነ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ሩጫ ይቁም፣ ሐኪም ይየው። ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ አታሳሹት! ይህን ስንት ጊዜ እንደምናገር እኔው አውቃለሁ፤ አሁንም ታሽቶ፣ አብጦ የሚመጣ አለ።

መፍትሄው፦ ውድድር ሲገባ ሌላ ነገር ይውጣ። ውድድሩ ባለበት ሳምንት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ አንድ አጭር የፍጥነት ልምምድ ይበቃል፣ የቀረው ቀላል ሩጫ ነው። ረጅሙ ሩጫ እንዳይቀር የሚጨነቅ ሰው የውድድሩን ቀን ይጠቀምበት፦ ከመነሻው በፊት ሦስት ኪሎሜትር ማሟሟቂያ፣ 10 ኪሎሜትር ውድድር፣ ከመጨረሻው መስመር በኋላ አምስት ስድስት ኪሎሜትር በጣም በዝግታ። ሲደመር ወደ 19 ኪሎሜትር ነው። ሜዳሊያ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ሐይቁ ዳር ቁጭ ማለት ያጓጓል፤ ያቺ የመጨረሻዋ ዝግ ያለች ሩጫ ግን የማራቶን ሥራ ናት።

ከዚያ በኋላ ከ10 ኪሎሜትር ከሆነ አምስት ስድስት ቀን፣ ከግማሽ ማራቶን ከሆነ ከአስር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ቀላል ሩጫ ብቻ። ቀላል ማለት እያወሩ የሚሮጡት ነው። በኮሮኮንች ወይም በሣር ላይ ከሆነ ደግሞ የተሻለ። የጠዋት የልብ ምት ወደ ቦታው ሳይመለስ ወደ ፍጥነት መመለስ የለም።

ምልክት፦ ግማሽ ማራቶኑ ግሩም ነበር፣ ማራቶኑ 30ኛው ኪሎሜትር ላይ ፈረሰ

የግማሹን ሰዓት በሁለት አባዝታችሁ ነው የተነሳችሁት። ግማሹን በ1 ሰዓት ከ45 የጨረሰ ሰው 3 ሰዓት ከ30 እሮጣለሁ ይላል። በሁለት ሳይሆን በ2.085 ገደማ አባዙ፤ 3 ሰዓት ከ39 ይመጣል። በኪሎሜትር ሲታሰብ 5፡11 ነው፣ 4፡59 አይደለም። ረጅም ሩጫው ያልተሟላ ሰው ከዚህም ቀስ ብሎ ይነሳ።

ምልክት፦ አዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ ላይ ከወትሮው ዘገየሁ

አልደከማችሁም። ሀዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አየሩ ይሳሳል፣ ዳገቱ አለ፣ ሕዝቡ መንገድ ይዘጋል። እዚያ ባገኛችሁት ሰዓት የማራቶን ፍጥነት አትተምኑ፣ ልምምድም አትጨምሩ።

ምልክት፦ ሆድ ይረብሻል

አዲስ ነገር በውድድር ቀን ስለተጠጣ ነው። አጭሩ ውድድር መሞከሪያ ይሁን፤ በፆም ወቅት በሶ ለብዙዎች ይስማማል፣ እሱም ግን አስቀድሞ በረጅም ሩጫ ይሞከር።

ምልክት፦ የእግር ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ የውስጥ እግር ያቃጥላል

ጫማው ነው። የታዋቂ ጫማ ስም የተለጠፈበት፣ ውስጡ ካርቦን አለው እየተባለ የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ጫማ በዝቷል። አንዱን ቀድጄ አይቼዋለሁ፤ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። እግራችሁ የለመደውን አሮጌ ጫማ አድርጉ።

ምልክት፦ ከውድድር በፊት ትንሽ ሕመም አለ፣ ዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ውጦ መነሳት ያምራል

አይደረግም። መድኃኒቱ ውሃ በጎደለው ሰውነት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ እኛ ጋ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐዩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ይበረታል። ሕመሙም ማስጠንቀቂያ ነው፣ ስታፍኑት ጉዳቱን ሳትሰሙት ትሮጣላችሁ። መድኃኒት ያስፈለገው እግር ያን ቀን አይወዳደርም።

ምልክት፦ ማራቶኑ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ግማሽ ማራቶን ተገኘ፣ ጓደኞች ተመዝግበዋል

አትመዝገቡ። የመጨረሻው ግማሽ ማራቶን ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይለቅ። ተመዝግባችሁ ከሆነ ከኋላ ተነሱ፣ በማራቶን ፍጥነታችሁ 10 ኪሎሜትር ሩጡና ከመንገዱ ውጡ።