ድሬ ላይ ያገለገለ ቱርቦ መኪና ከመግዛትህ በፊት
ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ጠዋት፣ ሳይነሳ በፊት ድረስ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ከቱርቦው ወይም ከፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) ሊመጣ ይችላል።

ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞ እያለ የአየር ቱቦውን አስፈትተህ የቱርቦውን ዘንግ በጣትህ ነቅነቅ አድርገው። ወደ ጎን ትንሽ መላወሱ ያለ ነው፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተጫወተ ወይም ምላጮቹ ግድግዳውን ከነኩ ግን ቱርቦው አልቋል፣ ወይ ዋጋ አስቀንስ ወይ ተወው።

ከዚያ ወደ ሐረር መንገድ ያዝ። የደንገጎ ዳገት የማያጋልጠው ጉድ የለም፦ ነዳጅ ስትሰጠው እያፏጨ ጉልበት ካጣ የአየር ቱቦ ተቀዷል ወይም ለቋል (ይሄ ቀላል ነው፣ አትደንግጥ)፣ ሙቀቱ ከወጣ ግን ከራዲያተሩ እስከ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጠርጥር። ስትቆም ወዲያው አታጥፋው። አንድ ሁለት ደቂቃ ነዳጅ ሳትሰጠው በሚኒሞ ይስራ፣ አለዚያ ዘይቱ እዚያው ቱርቦው ውስጥ ያርራል።