የግሪን ሃውስ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ፦ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ያለ አደጋ ይሠራል?

የመጀመሪያው ማሞቂያዬ ለሳሎን የተሠራ ነበር። ቤት ውስጥ ተርፎ ስለተቀመጠ «ሙቀት ያው ሙቀት ነው» ብዬ ግሪን ሃውሱ ውስጥ ሰካሁት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሮጬ ብሬከሩን አጠፋሁ። ስፒናውን ስነቅለው አንደኛው እግሩ ጠቁሯል። ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ እንደ ሰም ለስልሶ ሶኬቱ ላይ ተጣብቋል። ሌሊቱን እርጥበት ገብቶበት ኖሯል።

ችግኞቹ ምንም አልሆኑም። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፦ ማሞቂያ መምረጥ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ውሃንና ኤሌክትሪክን አንድ ጣሪያ ሥር ማኖር ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳውን ድፈኑ

ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ነፋስ ባለበት ቀን ቀጭን የሶፍት ቁራጭ እንጨት ጫፍ ላይ አስራችሁ በበሩና በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ሶፍቱ የሚርገበገብበት ቦታ ሁሉ ሙቀታችሁ የሚያመልጥበት ነው። እሱን ሳይደፍኑ ማሞቅ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

ቀጥሎ ግድግዳውንና ጣሪያውን ከውስጥ በኩል ዕቃ በሚጠቀለልበት ባለ ፊኛ ፕላስቲክ ማልበስ ይቻላል። ርካሽ ነው፣ ለውጡም ወዲያው ይታያል። የአየር ማስገቢያ መስኮቶቹን ግን አብራችሁ አትለጉሙ፤ ቀን ቀን መከፈት አለባቸው።

ስንት ዋት ያስፈልጋል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገምታል። መገመት አያስፈልግም፤ ሜትርና ካልኩሌተር ይበቃል።

የግድግዳውንና የጣሪያውን ስፋት በካሬ ሜትር ለኩ፤ ወለሉን ተዉት። በአካባቢያችሁ በጣም የሚቀዘቅዘው ሌሊት ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ እወቁ። ከዚያ ውስጡ ስንት ዲግሪ እንዲሆን እንደምትፈልጉ ወስኑ። የሁለቱን ልዩነት በስፋቱ አባዙ፣ ውጤቱን ደግሞ በ6 አባዙ። 6 ከየት መጣ? አንድ ካሬ ሜትር ነጠላ መስታወት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት ወደ 6 ዋት ገደማ ሙቀት ያስወጣል። ቤቱ ባለ ሁለት ንብርብር ፖሊካርቦኔት ከሆነ እንደ ውፍረቱ በ3.5 ወይም በ4 አባዙ።

በምሳሌ እንየው። 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ትንሽ የመስታወት ቤት ጣሪያውና ግድግዳው ተደምሮ 24 ካሬ ሜትር ገደማ ይመጣል። ውጭው 0 ዲግሪ ሲሆን ውስጡን 7 ላይ ማቆየት ብንፈልግ፣ 24 ሲባዛ በ7፣ ሲባዛ በ6፣ 1008 ዋት ነው። ለነፋስና ለትንንሽ ቀዳዳዎች ሩቡን ጨምሩበት፤ 1260 ይሆናል። ስለዚህ 1500 ዋት ማሞቂያ ይበቃል።

አሁን 7ቱን ዲግሪ 15 አድርጉትና እንደገና አስሉ። መጠባበቂያው ተጨምሮ 2700 ዋት ይደርሳል። ኪስ የሚያራቁተው ይኼ ነው። ብዙ ዕፅዋት የብርዱን ወቅት ለማለፍ ከውርጭ መትረፍ ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ለእነሱ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ በቂ ነው። የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ግን ከ10 ዲግሪ በታች መጎዳት ይጀምራል። ዘር ለማብቀል ብቻ ከሆነ ደግሞ ቤቱን በሙሉ ማሞቅ ብክነት ነው። ትሪው ሥር የሚነጠፍ፣ አፈሩን የሚያሞቅ ምንጣፍ አለ፤ ትንንሾቹ ጥቂት አሥርት ዋት ብቻ ነው የሚፈልጉት።

የትኛውን ዓይነት?

ሻጩ ሁለት 1500 ዋት ማሞቂያዎች አሳይቷችሁ «ይህኛው ግን ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ነው» ቢላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። በሽቦ ግለት የሚሠራ ማሞቂያ ሁሉ የሳበውን ኤሌክትሪክ በሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይቀይራል፣ ውዱም ርካሹም። ልዩ የሚሆነው እንደ ኤር ኮንዲሽነር በመጭመቂያ የሚሠራው ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለትንሽ ግሪን ሃውስ ከባድ ወጪ ነው። ሌሎቹ የሚለያዩት ሙቀቱን በሚያደርሱበት መንገድ ነው።

የእኔ ምርጫ ፋን ያለው ነው። አየሩን ስለሚያንቀሳቅስ አንዱ ጥግ ሞቆ ሌላው በረዶ አይሆንም። ቅጠል ላይ የሚተኛውን እርጥበትም ስለሚያደርቅ ግራጫ ሻጋታን ይቀንሳል። ድምፅ አለው፣ ግን ማን ሊተኛበት ነው? ቀጭን ቱቦ የሚመስለው ማሞቂያ ደግሞ ዝም ያለ ነው። መደብ ሥር ለሥር ይዘረጋል፣ ለጠባብ ቤት ይስማማል፤ ሙቀቱ ግን ዝግ ያለ ነው። ዘይት ያለው ራዲያተር ለቤት እንጂ ለዚህ ቦታ አልመክርም፤ አብዛኞቹ እርጥበት እንዲችሉ ሆነው አልተሠሩም።

አቅም ካለ ደግሞ ከአንድ ትልቅ ሁለት ትንንሽ ይሻላል። አንዱ በእኩለ ሌሊት ቢበላሽ ሌላው ቢያንስ ውርጩን ይከላከላል።

ውሃና ኤሌክትሪክ

ማሞቂያው ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ «አይፒ» (IP) ተብሎ የሚነበብ ምልክት ፈልጉ። ከጎኑ ካሉት ሁለት ምልክቶች ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው የሚናገረው። እሱ ቢያንስ 4 መሆን አለበት፤ 4 ማለት ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ አይጎዳውም ማለት ነው። በውሃ ጎማ ቀጥታ መርጨት ግን አይፈቀድም። ምልክቱ ከሌለ ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለምና ተዉት።

ሁለተኛው ነገር ብሬከሩ ነው። ብዙዎቻችን «ብሬከር አለኝ» ብለን እንተኛለን። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን እንጂ ሰውን አይደለም። 16 አምፔር የሆነ ብሬከር ከዚያ በላይ ካልተሳበ አይወርድም፤ ሰው ለመግደል ግን የአንድ አምፔር ትንሽ ክፋይ ይበቃል። ስለዚህ አርሲዲ (RCD) የሚባለው ብሬከር የግድ ነው። እሱ በአንዱ ሽቦ የሄደውንና በሌላው የተመለሰውን ኤሌክትሪክ ያመዛዝናል። ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ በሴኮንድ ክፋይ ያቋርጣል። ስትገዙ «30 ሚሊ አምፔር» የሚለውን አንብቡ። ላዩ ላይ ያለችውን መሞከሪያ ቁልፍ ደግሞ በየወሩ ተጫኑ፤ ካልወረደ ይቀየር። መሬት ውስጥ የሚገባው የኧርዝ ሽቦም መኖር አለበት።

መስመሩን ከቤት እስከ ግሪን ሃውሱ መዘርጋት የባለሙያ ሥራ ነው። የብረት ሽፋን ያለው ገመድ ተቀብሮ፣ ሶኬቱ ውሃ የማያስገባ ክዳን ኖሮት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሰቀላል። በዚህ ላይ «እኔ ራሴ እችላለሁ» አያዋጣም።

እስከዚያው በኤክስቴንሽን ልጠቀም ካላችሁ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን፣ እሱም ለውጭ የተሠራው። በ220 ቮልት 2000 ዋት ማሞቂያ 9 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። ቀጭን ገመድ ይግላል። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገመድ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ይበልጥ ይግላል፣ እርስ በርሱ እስኪጣበቅ ድረስ። ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። አንዱን ኤክስቴንሽን ሌላው ላይ አትቀጥሉ። በስልክ የሚበሩና የሚጠፉትን ርካሽ ሶኬቶችም ከማመናችሁ በፊት ስንት አምፔር እንደሚችሉ እዩ።

አቀማመጥና ሙቀት መቆጣጠሪያ

ማሞቂያውን እርጥብ አፈር ላይ አታስቀምጡት። ጡብ ወይም ንጣፍ ድንጋይ ላይ፣ የማይወላገድ ቦታ ይሁን። በዙሪያው 1 ሜትር ያህል ክፍት ተዉ፤ የፕላስቲክ ሽፋን፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ደረቅ ቅጠል እንዳይቀርበው። የፋኑ አፍ ወደ መተላለፊያው ይዙር። ቅጠል ላይ ቀጥታ ከነፋ ያደርቀዋል። ከላዩ ደግሞ ውሃ የሚጠጣ ተክል ያለበት የተንጠለጠለ ማሰሮ አይኑር፤ እኔ ረስቼው ያውቃል።

ቴርሞስታቱን ዕፅዋቱ ባሉበት ከፍታ፣ ፀሐይ በማይመታው፣ የማሞቂያውም ንፋስ በማይደርሰው ቦታ ስቀሉ። ንፋሱ ፊት ከሆነ ቤቱ ሳይሞቅ «ሞቋል» ብሎ ያጠፋዋል። ብዙ ማሞቂያዎች ላይ ያሉት ከ1 እስከ 6 የሆኑ ቁጥሮች ዲግሪ አይደሉም። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ግዙና ለሦስትና አራት ሌሊት እያያችሁ አስተካክሉ። ለራሴ ካዋልኳቸው ገንዘቦች ይህኛው አይቆጨኝም።

በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት አብሩትና በደረቅ እጅ ስፒናውን ዳስሱ። ለብ ቢል ምንም አይደለም። የሚያቃጥል ከሆነ ብሬከሩን አጥፉና ሶኬቱን አስመርምሩ።

ፍጆታውን ለማወቅ፦ 1500 ዋት ማሞቂያ 10 ሰዓት በሚረዝም ሌሊት ግማሹን ጊዜ ቢሠራ 7.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። በታሪፋችሁ አባዙት።

መብራት ቢጠፋ

ዕፅዋቱን በቀጭን የግብርና ጨርቅ ወይም በጋዜጣ ሸፍኑ፤ ጥቂት ዲግሪ ያተርፋል። ከሰል ግን ፈጽሞ አታስገቡ። በደንብ የደፈናችሁት ቤት የከሰሉን ጭስ አልባ መርዝ ይዞ ይጠብቃችኋል፤ ጠዋት በሩን ከፍቶ የሚገባው ሰው ሳያውቀው ይስበዋል።

ብርዱ ሲያልፍ ማሞቂያውን ንቀሉ፣ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ዓመት ከመሰካታችሁ በፊት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ እዩት። አይጥ የሞቀ ቦታ ትወዳለች፣ ገመድም ትበላለች። የተበላውን በፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል የለም፤ ገመዱ ይቀየራል።