ወንዝ መሀል ሞተር ሲጠፋ፦ የቤንዚን መኪና እሳት እንዳይረጥብ

ወንዙ ጉልበት እንኳ አይደርስም። መኪናዋ ግን መሀሉ ላይ ተንተፋተፈችና ቀጥ አለች። ይህ የቤንዚን ሞተር ጣጣ ነው። ናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው አየር አምቆ ስለሆነ እሳት የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ዲስትሪቢውተር (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ዕቃ) ያላት መኪና፣ ለምሳሌ አሮጌ ላንድሮቨር፣ የያዘ ሰው ግን ይህን ክረምት ሳይገባ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት

ሞተሩ እንዴት ጠፋ? እየተቆራረጠና ጉልበት እያጣ ከጠፋ፣ የረጠበው አብዛኛውን ጊዜ የእሳቱ መስመር ነው። በአንዴ ድርቅ ብሎ ከቆመ፣ ወይም ሞተሪኖው «ጧ» ብሎ አልዞርም ካለ፣ ውኃ በአየር ፊልትሮው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም። በግድ ላስነሳ ካሉ ቢየላ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ይታጠፋል፤ ያኔ ሞተሩ መውረዱ ነው። እባክዎ ቁልፉን ይተዉት።

መኪናዋን ያስጎትቱና ፊልትሮውን ይዩ። ከረጠበ ካንዴላዎቹን በሙሉ ይፍቱ፣ የኮይሉን (የባትሪውን ቮልት ለእሳቱ ከፍ የሚያደርገውን ዕቃ) ገመድ ይንቀሉ፣ ከዚያ ሞተሪኖውን ለአጭር ጊዜ ያዙሩ። ውኃው በካንዴላው ቀዳዳ ፊጭ ብሎ ይወጣል፤ ፊትዎን ያርቁ። የሞተር ዘይቱ ወተት ከመሰለ ሳይቀይሩት አያስነሱ።

ፊልትሮው ደረቅ ነው፣ ካንዴላው ግን እሳት አይሰጥም

ከኮይሉ የሚወጣው ኃይል ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል። እርጥበት ካገኘ እስከ ካንዴላው ጫፍ አይሄድም፤ በረጠበው ክዳን ላይ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ብረት ይሸሻል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በወንዙ ጥልቀት ያሳብባል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቬንትሌተሩን ነው። ውኃው ከነካው እየቀዘፈ ሞተሩ ላይ ይረጨዋል። በዚያ ላይ የጋለ ዲስትሪቢውተር ድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና እርጥበት ይስባል።

አንድ ጊዜ ከአርቦሬ ወደ ቱርሚ ስንሄድ አሸዋማ ወንዝ ውስጥ ቆመን ቀረን። የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ከውጭ ደረቅ ነበር። ፈትቼ ስገለብጠው ውስጡ የድስት ክዳን ይመስል ላብ አውጥቷል። በደረቅ ከናቴራ ጠርጌ ኮፈኑ ላይ ፀሐይ አስመታሁት። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። መጀመሪያ ቁልፉን ያጥፉ። ገመዶቹን ከመንቀልዎ በፊት ምልክት ያድርጉባቸው፤ የላንድሮቨሩ ባለ አራት ሲሊንደር የእሳት ተራ 1-3-4-2 ነው፣ ከተምታታ አይነሳም። የኮይሉን አንገት፣ ገመዶቹን፣ ክዳኑን ከውስጥም ከውጭም፣ መሀል የሚሽከረከረውን ሮተርም ይጥረጉ። ደብልዩ ዲ 40 ካለዎት ይርጩበት፤ ስሙ ራሱ ውኃ ማስወገጃ ለማለት የወጣ ነው። ተቀጣጣይ ስለሆነ ግን ጠርገው፣ ሽታው ሲጠፋ ያስነሱ።

ክዳኑ ውስጥ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካዩ መጥረጉ አያድነውም። እሳቱ መንገድ አበጅቷል፤ ክዳኑ ይቀየር።

ተነስቶም ይቆራረጣል

ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ያስነሱ። ገመዶቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ከተራወጠ ሽፋናቸው አልቋል። በእጅ አይንኩ፤ ሙሉውን ይቀይሩ።

ሳይረጥብ በፊት

በገመዶቹ የጎማ ቆብ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሲሊኮን ግሪስ በስሱ ይቀቡ። ዲስትሪቢውተሩን ግን ሙሉ በሙሉ አይድፈኑት፤ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል።

ወንዙ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ቬንትሌተሩ ውኃ እንዳይቀዝፍ ከራዲያተሩ ፊት ሸራ ይጋርዱ። ዝቅተኛውን ማርሽ ይያዙ፤ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ሳይቆሙ፣ ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ይሻገሩ። የድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር ሊሻገረው የሚችለው የውኃ ጥልቀት የፋብሪካ ልክ 50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይመለሱ። ውኃው እየደፈረሰ ወይም እየጨመረ ከሆነም ጨርሶ አይግቡ። ሰማዩ ጠራ ብለው አይዘናጉ፤ ደጋ የዘነበው ዝናብ ቆላ ላይ ደራሽ ሆኖ ይመጣል።

ማዶ እንደደረሱ ሸራውን ወዲያው ያንሱ፣ አለዚያ ሞተሩ ይግላል። ቀስ ብለው እየነዱም ፍሬኑን ደጋግመው ይርገጡ፤ እሱም ረጥቧል።