ሲን ተደርጎ (ታይቶ) ዝም ሲባል፦ የሽያጭ መልእክት መልስ የሚያጣበት ምክንያትና መፍትሄው

ለመድኃኒት ቤቶችና ለሱቆች የስቶክ (የዕቃ ክምችት መቆጣጠሪያ) ሶፍትዌር እሸጣለሁ። ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ያለውን ሰፈር በእግሬም በቴሌግራምም አዳርሼዋለሁ። መልስ ያጡብኝ መልእክቶች ብዙ ናቸው፤ ምክንያታቸው ግን ጥቂት ነው።

ችግር፦ መልእክቱ ጭራሽ አልተከፈተም።

መነሻው መጀመሪያው መስመር ነው። ቴሌግራም ሳይከፈት የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። እነሱን «ድርጅታችን በዘርፉ የካበተ ልምድ ያለው» በሚል ከጨረስናቸው ማን ይከፍተዋል? ኤስኤምኤስ ደግሞ ይብሳል፤ በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው አንዱ መልእክት በእኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የደንበኛውን ጉዳይ አስቀድሙ፣ የራሳችሁ ይከተል።

ችግር፦ ተከፍቷል፣ ተነቧል፣ መልስ የለም።

እኔን ብዙ ያስለፋኝ ይሄኛው ነው። ምክንያቱ መልእክቱ ለመቶ ሰው የተጻፈ መሆኑ ማስታወቁ ነው። ስም ብቻ መቀያየር ማንንም አያታልልም።

ሜክሲኮ አካባቢ ላለ አንድ መድኃኒት ቤት «ሥራዎን የሚያቀል ዘመናዊ ሲስተም ይዘን መጥተናል» ብዬ ላክሁ። ሲን ተደርጎ ቀረ። አንድ ቀን ራሴን አሞኝ ማስታገሻ ልገዛ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ካርቶኖች ፊት ላይ የማብቂያ ቀን በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ባለቤቷ አንዱን አንስታ አየችና ወደ ጎን አደረገችው። እንደወጣሁ እንዲህ ጻፍኩ፦

«እንደምን ዋሉ ዶክተር። ቅድም ማስታገሻ ስገዛ ካርቶኖቹ ላይ ቀኑን በቀይ ጽፈው አየሁ። ሊያበቃ ሦስት ወር የቀረውን መድኃኒት ለይቶ የሚያሳይ ሲስተም አለን። ሐሙስ መጥቼ በ10 ደቂቃ ላሳይዎት?»

ሳይመሽ መለሰችልኝ፦ «ከ5 ሰዓት በኋላ ይምጡ፤ ጠዋት ወረፋ ነው።»

በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። መሄድ ካልቻላችሁ የቴሌግራም ቻናላቸውንና የሥራ ማስታወቂያቸውን እዩ፤ ሁለት ካሸር የሚፈልግ ሱቅ ሥራው እየሰፋ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ይበቃል። የምታውቁትን ሁሉ ከዘረዘራችሁ ሰው ሲከታተለኝ ነበር ብሎ ይሰጋል።

ችግር፦ ሰውየው ቅር አላቸው።

በጅምላ የሚልኩ የውጭ ሶፍትዌሮች የቤተሰብ ስም ብለው የሚወስዱት ሁለተኛውን ስም ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም ደግሞ የአባት ነው። ሶፍትዌሩ ሴትዮዋን በአባታቸው ስም «ወይዘሮ ተስፋዬ» ብሎ ይጠራቸዋል! በመጀመሪያ ስም እንዲጠራ አስተካክሉት። እንደ «ደስታ» ያለ የወንድም የሴትም ስም ሲያጋጥም «እርስዎ» ያድናችኋል፤ አቶ ወይስ ወይዘሮ እንደሆኑ ግን ደውላችሁ አረጋግጡ።

ችግር፦ «እዚያ ከለቀቅን ቆየን» የሚል መልስ መጣ።

ዝርዝራችሁ አሮጌ ነው። ከ2016 ወዲህ ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ብዙ ነጋዴ በልማት ተነስቷል። ሱቁ የፈረሰበትን ሰው «ካዛንቺስ ያለው ሱቅዎ» ማለት ቁስል መንካት ነው። አድራሻ ከመጻፋችሁ በፊት አጣሩ።

ችግር፦ «በኋላ እናወራለን።»

ወሩ ሰኔ ከሆነ አትጨቅጭቁ። በተለይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሂሳብ ክፍሉም ፋታ የለውም። እኔ ስማቸውን ለብቻ እይዝና ሐምሌ አጋማሽ ላይ ያኔ የነገሩኝን ጠቅሼ እንደገና እጽፍላቸዋለሁ።