ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሞተር፦ ጥፋተኛው የአየር ሰንሰሩ ነው ወይስ ሌላ?

ትራፊክ መብራት ላይ ቆማችሁ ነዳጅ ሳትረግጡ (ሚኒሞ ላይ) ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሊጠፋ ይዳዳዋል። ነዳጅ ስትረግጡ ያመነታል። ቼክ ኢንጂን መብራቱም በርቷል። ጋራዥ ብትሄዱ መጀመሪያ የምትሰሙት "ካንዴላ እንቀይር" የሚል ነው። ሊሆን ይችላል፤ ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ስካነር፣ ማለትም ከመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ፣ ይሰካ።

ኮዱ ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ካለ አንዱ ሲሊንደር በደንብ አያቃጥልም። የትኛው እንደሆነ የመጨረሻው ቁጥር ይነግራችኋል። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይል ከጎኑ ካለው ጋር አቀያይሩት። ኮዱ ተከትሎት ከሄደ ኮይሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ ካንዴላውንና ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር እዩ።

ራስ የሚያዞረው ፒ0171 ነው። ለአየሩ የሚመጥን ነዳጅ እየገባ አይደለም ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሮጦ አዲስ የአየር ሰንሰር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካውን) ይገዛል። አትቸኩሉ።

ሰንሰሩ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቀጭን ሽቦ አለ። የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ ኮምፒውተሩም ከዚያ ተነስቶ የአየሩን መጠን ያሰላል። ሽቦው አቧራ ሲለብስ አየሩን አሳንሶ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ያንን አምኖ ነዳጅ ይቀንሳል። ግን ከሰንሰሩ በኋላ ቱቦ ተሰንጥቆ ያልተቆጠረ አየር ቢገባም ኮዱ ያው ነው።

ለመለየት ስካነሩ ላይ የነዳጅ ማስተካከያውን (ፊውል ትሪም) ፐርሰንት አንብቡ፤ ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ለመሙላት ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ እንደሆነ ያሳያል። ሚኒሞ ላይ 20 አካባቢ ሆኖ፣ ሞተሩን በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ስትይዙት ወደ ዜሮ ከወረደ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ከፊልትሮው ቀጥሎ ያለውን የጎማ ቱቦ እጥፋቱን እየከፈታችሁ ፈትሹ። ቀጫጭኖቹን ቱቦዎችም አትርሱ። ዙሩ ሲጨምር ፐርሰንቱም ከጨመረ ግን ሰንሰሩን ጠርጥሩ። የደከመ የነዳጅ ፓምፕም እንዲህ ያደርጋል። ሰንሰሩን ማጽዳቱ ርካሽ ስለሆነ ከእሱ መጀመር ይሻላል።

ከ2003 እስከ 2008 በተሠሩት 1.8 ሊትር ኮሮላዎች ላይ ሰንሰሩ የአየር ፊልትሮው ሳጥን ላይ በሁለት ብሎን ታስሯል። ቁልፉን አጥፉ፣ ሞተሩ ይብረድ፣ ሶኬቱን ንቀሉና ሰንሰሩን አውጡ። ለአየር ሰንሰር ተብሎ የተሠራውን ስፕሬይ ብቻ ሽቦው ላይ ደጋግማችሁ ንፉ። በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ የሚያጥቡ አሉ፤ ሰንሰሩን መግደል ነው። የካርቡራተር ማጽጃም ጥጥም አይነካውም፣ በኮምፕሬሰርም አይነፋም። በራሱ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ስትመልሱት የጎማ ቀለበቱ በቦታው መሆኑን እዩ። ከዚያ ኮዱን አጥፍታችሁ ጥቂት ቀን ንዱት።

ቶሎ ተመልሶ ከቆሸሸ ፊልትሮውን ተመልከቱ። የወረቀት ፊልትሮ በኮምፕሬሰር እየተነፋ ስንት ጊዜ ይኖራል? ወረቀቱ ይበሳና አቧራው ቀጥታ ሽቦው ላይ ያርፋል። ዘይት የሚቀባ ፊልትሮም ዘይቱ ከበዛ ያው ነው።

ጸድቶም ለውጥ ከሌለ የነዳጅ ግፊቱ ይለካ። እሱ ደህና ከሆነ ነው ሰንሰር የሚገዛው። ተመሳስሎ የተሠራ ርካሽ ሰንሰር ከቆሸሸው ብሶ ሊዋሽ ስለሚችል አሮጌውን ቶሎ አትጣሉት። እንዲህ ያለ 1.8 ሊትር ሞተር ሞቆ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ ሚኒሞ ላይ ሰንሰሩ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ግራም አካባቢ አየር ማንበብ አለበት።