ሐኪም ሳትሆኑ ከሕክምና ሚሽን ጋር ለመሄድ

በቤተ ክርስቲያናችን የሕክምና ቡድኑ ማስታወቂያ በተነገረ ቁጥር ከጉባኤው በኋላ ሰዎች ይይዙኛል። "እኔ ነርስም ዶክተርም አይደለሁም፤ ብሄድስ ምን እሠራለሁ?" ይሉኛል። እኔም አይደለሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ከአሜሪካኖቹ ጋር ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የምሄደው ካርድ ላወጣ፣ ተራ ላስይዝ፣ መድኃኒት ላሽግና ላስተረጉም ነው። ሐኪሙ ጠዋት ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ፊቱ የሚመጣው ሰው ስሙ ተጽፎ፣ ሙቀቱ ተለክቶ፣ የሚያስተረጉምለት ሰው አጠገቡ ቆሞ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሐኪም ያልሆነው ሰው ነው። ይህ ሰው ከሌለ ሐኪሙ ግማሽ ቀኑን ሰልፍ ሲያስከብር ይውላል።

መጀመሪያ ቡድኑን ጠይቁ

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እኛ ከተመለስን በኋላ በሽተኛውን ማን ያያል? የ30 ቀን የደም ግፊት ኪኒን ሰጥታችሁ መጣችሁ እንበል። በ31ኛው ቀን ሴትየዋ ወዴት ትሂድ? ግልጽ መልስ የሌለው ቡድን ከሆነ ሌላ ፈልጉ። እዚህ ላይ እኔ አልደራደርም።

ሚሽን ሆስፒታል ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ኤስ አይ ኤም የሚባለው የወንጌል ሚሽን አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ዛሬም ወላይታ ላይ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አለ። አዲስ አበባ ላይ ሰው ኮሪያ ሆስፒታል የሚለው ሚዩንግሰንግ አለ። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን ያሠለጥናሉ። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። ከውጭ የሚሄድ ቡድን እንዲህ ባለ ቤት ሥር ሲሠራ፣ የሆስፒታሉ ካርድ ላይ ሲጽፍና በሆስፒታሉ ሐኪሞች ሲመራ ሥራው ሥር ይይዛል። ስለዚህ የሚጋብዘው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደጠራችሁ፣ ከበድ ያለ በሽተኛ ሲገኝ ወዴት ሪፈር እንደሚደረግና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ጠይቁ። የውጭ ሐኪሞቹ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ማግኘታቸውንም አረጋግጡ።

የምትሄዱበትን ወቅት እዩ። ክረምት ላይ የገጠር መንገድ ጭቃ ነው፤ መኪና ይቀረቀራል፣ ሰውም እርሻ ላይ ነው። ብዙ ቡድኖች ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ይመርጣሉ። በዚህ መሐል ገናና ጥምቀት አሉ፤ በእነዚያ ቀናት ክሊኒክ መክፈት አይሆንም። የአካባቢው የገበያ ቀን መቼ እንደሆነም ጠይቁ።

ገንዘብ፣ ወረቀት፣ ክትባት

ትልቁ ወጪ የአውሮፕላን ትኬት ነው። ከዚያ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የመኪና ኪራይ፣ የመድኃኒት መዋጮና ኢንሹራንስ አለ። ዝርዝሩን በጽሑፍ ይስጧችሁ። ኢንሹራንሱ ስትታመሙ ከአገር የሚያወጣችሁ ዓይነት ይሁን። ወዳጅ ዘመድ ሊደግፋችሁ ሲፈልግ ገንዘቡን ለእናንተ ሳይሆን በስማችሁ ለድርጅቱ ይስጥ። እሱም የግብር ደረሰኝ ያገኛል፣ እናንተም ከሐሜት ትድናላችሁ።

ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን። የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ያላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ግን ጊዜው እንዳላለፈ ከወዲሁ እዩት። ሌሎቻችሁ የትኛውን ቪዛ እንደምታወጡ አዘጋጁን ጠይቁ። በራሳችሁ ግምት አትሂዱ።

የጉዞ ክሊኒክ ሳትረፍዱ ሂዱ። ታይፎይድ፣ ሄፓታይተስ ኤ፣ ቴታነስ፣ ቢጫ ወባ ያነሡላችኋል። የቢጫ ወባው ካርድ የሚጸናው ክትባቱን ከወሰዳችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ዋናው የወባ መከላከያው ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ ወባ የለም። ከ2,000 ሜትር በታች ስትወርዱ፣ ለምሳሌ አርባ ምንጭ፣ አለ። "እኔ እዚያው ነው ያደግሁት፣ ወባ አይነካኝም" የሚል የእኛ ሰው ብዙ ነው። ይህ አደገኛ ነው። ውጭ አገር ስንከርም ሰውነታችን የለመደውን ይረሳል። ኪኒናችሁን እንደ ፈረንጆቹ ዋጡ።

ሻንጣና መድኃኒት

ከአሜሪካ ስትሄዱ ኢኮኖሚ ክፍል 23 ኪሎ የሚይዝ ሁለት ሻንጣ ይፈቀዳል። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የእናንተ፣ አንዱ የቡድኑ ነው። የአክስትን ጫማና የወንድምን ስልክ ለመጫን ሌላ ጉዞ ጠብቁ።

ሰው ቤቱ የተረፈውን መድኃኒት በፌስታል ቋጥሮ ያመጣላችኋል። ባርካችሁ መልሱለት። የተከፈተ ብልቃጥና ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ነገር አይወሰድም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለገስ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው መሆን አለበት ይላል። ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም አስቀድሞ ፈቃድ ይፈለጋል። የእያንዳንዱ መድኃኒት ስም፣ ብዛት፣ የምርት ቁጥርና የሚያልፍበት ቀን በዝርዝር ይጻፋል። ይህን ዝርዝር መሥራት ሐኪም አይጠይቅም። ኤክሴል የሚችልና ትዕግሥት ያለው ሰው ይበቃል። አንድ ጊዜ ከእኛ ጋር አንድ ማደሪያ ያረፈ ሌላ ቡድን ወረቀቱ ስላልተሟላ ሻንጣዎቹ ቦሌ ቀሩበት፤ ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበር ገጠር የወረዱት። እዚያው አገር ውስጥ የሚገኘውን እዚያው መግዛት ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ሰልፉ

ንጋት 11 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ሰው ይኖራል። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ያደረ አለ። ሰልፉ ካልተያዘ ጉልበት ያለው ጎረምሳ ይገባል፤ ያዘለችው እናት ውጭ ትቀራለች።

ተራ ቁጥር አዘጋጁ። ካርቶን ቆርጣችሁ ማኅተም ምቱበት፤ ወረቀት ብቻ ከሆነ ይባዛል። ቁጥሩን የሚያድለው የአካባቢውን ሰው የሚያውቅ ሽማግሌ ይሁን። አጠገቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትቁም። ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የተጀመረው። እሷ የቀበሌውን እያንዳንዱን ቤት ታውቃለች። የትኛው ልጅ ትኩሳቱ እንደከፋ፣ የትኛዋ ሴት ነፍሰ ጡር እንደሆነች ዓይታ ታወጣቸዋለች። ለእነዚህ ቀይ ካርድ ስጡ፤ ቀይ ካርድ ያለው በቀጥታ ይገባል።

ከባዱ ነገር በጓሮ የሚገባው ሰው ነው። የአስተናጋጁ አጎት፣ የሊቀ መንበሩ እናት፣ የዘማሪዋ ባል። በዚያች ቅጽበት እምቢ ማለት ያስቀይማል። ስለዚህ ከዋዜማው ማታ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተስማሙ፦ በበር ያልገባ አይታይም። ሽማግሌው ራሱ ሲናገረው ይከበራል። እናንተ ብትናገሩት "ከአሜሪካ መጥታ አዋረደችን" ይሆናል።

አንድ ሐኪም በአስተርጓሚ በሰዓት ከአምስት ስድስት ሰው በላይ በወጉ አያይም። ይህን በሐኪሞቹ ቁጥርና በሰዓቱ አባዙና ከዚያ በላይ ቁጥር አታድሉ። ቁጥሩ ሲያልቅ ጠዋት 4 ሰዓትም ቢሆን ያኔውኑ ውጡና ተናገሩ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ማታ "አልቋል" ማለት ግፍ ነው። "ነገ እናያችኋለን" አትበሉ፤ ነገ የእናንተ ላይሆን ይችላል።

ካርድ ማውጣት

የአሜሪካኖቹ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እናንተ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም በቅደም ተከተል ጻፉ፤ ቀበሌና ስልክ ጨምሩ። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አለበለዚያ አንዲት ሴት በሦስት አጻጻፍ ሦስት ሰው ትሆናለች።

ዕድሜ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ አዛውንት የተወለዱበትን ዓመት አያውቁም። "በ66ቱ አብዮት ጊዜ አግብተው ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። "በ77ቱ ድርቅ ስንት ልጅ ነበርዎት?" በሉ። ግምቱ ከዚያ ይወጣል። ውጭ ተወልደው ያደጉ ልጆች አብረዋችሁ ከሄዱ ደግሞ አንድ ነገር አስጠኗቸው፦ ትልቅ ሰው "እማማ"፣ "አባባ" እና "እርስዎ" ነው። ልጅ እግር "አንቺ" ያላቸው እናት የሚያማቸውን በሙሉ አይናገሩም።

መነጽር

ሐኪም ላልሆነ ሰው ከሁሉ የምወደው ሥራ ይህ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ማየት ይደክማል። መፍትሔው ከፕላስ 1 እስከ ፕላስ 3.50 ያለ ተራ የማንበቢያ መነጽር ነው። በቁጥር ለይታችሁ በሳጥን ደርድሩት። ዝቅ ካለው ጀምራችሁ አስሞክሩ፤ ያየበት ዝቅተኛ ቁጥር ይበቃዋል።

ፊደል ለማያነብ ሰው የፊደል ሰንጠረዥ አታሳዩ። እኔ ትሪ ላይ ምስር አደርግና ጠጠር እጨምርበታለሁ። "እስቲ ይልቀሙልኝ" እላለሁ። ለልብስ ሰፊ መርፌና ክር ነው። ሩቅም ቅርብም የማያይ፣ ዓይኑ ውስጥ ነጭ ሞራ የሚታይ፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ የሚወጋው ሰው ግን መነጽር አይደለም የሚያስፈልገው። ሽፋሽፍትን እንዲህ የሚያዞረው የዓይን በሽታ ትራኮማ በዓለም ላይ በጣም ከተጫናቸው አገሮች ቀዳሚዋ የእኛ አገር ናት። እንዲህ ያለውን ወደ ዓይን ሐኪም ላኩት።

ፋርማሲው

እዚህ የእኛ ሰው ካልቆመ አደጋ አለ። አሜሪካዊቷ ፋርማሲስት "በ8 ሰዓት" ብላ ትጽፋለች፤ ጠዋት ማለቷ ነው። ታካሚው ከምሳ በኋላ ይውጣል። ስለዚህ ቁጥር አትጻፉ። ፀሐይ ስትወጣ፣ እኩለ ቀን፣ ጨረቃ ሳሉበት። ከሥሩ የኪኒኑን ብዛት በነጥብ አድርጉ።

የሚያልፍበት ቀንም እንዲሁ ነው። ማሸጊያው ላይ 06/2027 ይላል። በእኛ አቆጣጠር 2019 ማለት ነው። ታካሚዋ ግን ገና ብዙ ዓመት የቀረው መስሏት ልታስቀምጠው ትችላለች። በእኛ ዘመን ጻፉላት። ከመሄዷ በፊት አወሳሰዱን ራሷ መልሳ ትንገራችሁ። "ገባሽ?" ብትሏት ለይሉኝታ "አዎ" ትላለች።

ጾምን ጠይቁ። የሚጾም ሰው ጠዋት ላይ ምንም አይቀምስም፤ የሮመዳን ጾመኛም ቀኑን ሙሉ እንዲሁ። ይህን ለሐኪሙ ንገሩትና ሰዓቱን ያስተካክልለት። ጸበል ላይ ነኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። ይህን መንገር ብዙ ሰው ያሳርፋል።

ማስተርጎም

ሰውየው ያለውን ሁሉ ተናገሩ፤ አታሳጥሩ፣ አታስውቡ። "ራሴን ያመኛል" ካለ "ራሴን ያመኛል" በሉ። ለሐኪሙ በሽታውን እናንተ አትንገሩት። የሴት ጉዳይ ሴት ታስተርጉም። ልጅን ለእናቱ አስተርጓሚ አታድርጉ። የሰማችሁት ማታ እራት ላይ አይወራ። ወላይታም ሆነ ኦሮሚያ ገጠር አማርኛ የማይናገር ብዙ ነው። ያኔ የአካባቢው ልጅ ወደ አማርኛ፣ እናንተ ወደ እንግሊዝኛ ትሆናላችሁ። ቀስ ይላል፤ ይሁን።

ሐኪም ሳትሆኑ መርፌ ያዙ፣ ጥርስ ንቀሉ ቢሏችሁ እምቢ በሉ። ነርስ ካስተማረቻችሁ ግፊትና ሙቀት መለካት ትችላላችሁ። ቁጥሩን ግን ጻፉ እንጂ አትተርጉሙት።

ስለ ጸሎት

የምንሄደው ክርስቶስን ስለምንወድ ነው፤ ይህን አንደብቅም። ግን መድኃኒት ለማግኘት ማንም ጸሎት መቀበል የለበትም። የጸሎቱን ወንበር ከፋርማሲው በኋላ አድርጉት። መድኃኒቱን የያዘ ሰው መሄድ ከፈለገ በነጻነት ይሂድ። የሚቀመጠውን "ብጸልይልዎ ይፈቅዳሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም እንግዳችን ነው። የታመመ ሰው ፎቶ አታንሡ። ልጆች መሐል ከረሜላም አትበትኑ፤ ይራገጣሉ።

ከተመለሳችሁ በኋላ

የወባ ኪኒናችሁን እስከ መጨረሻው ጨርሱ። ማላሮን ከሆነ ከወባ ቦታው ከወጣችሁ በኋላ ለ7 ቀን፣ ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። በቀጣዮቹ ወራት ትኩሳት ከያዛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱና ኢትዮጵያ እንደነበራችሁ ተናገሩ።

ከዚያ የሪፈር ዝርዝሩን ያዙ። ሞራ ያላቸው፣ እብጠት የተገኘባቸው፣ ልባቸው የደከመ ሰዎች ስምና ስልክ ነው። ከሆስፒታሉ ሰው ጋር በቴሌግራም ተገናኙና በየሳምንቱ ማን እንደሄደ፣ ማን እንደቀረ ጠይቁ። የቀረው ሰው ብዙውን ጊዜ የቀረው የመኪና ብርና አብሮት የሚሄድ ሰው አጥቶ ነው። ቡድናችሁ ከመነሣቱ በፊት ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ይመድብ፤ ሆስፒታሉ ዘንድም ይቀመጥ።